ቅናሹ እውነት ነው ወይ? የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋን ከጅቡቲ ሆኖ መከታተል

(የመግቢያ ሙዚቃ ዝቅ ይላል)

  የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ ነው። ሜሞሪ፣ ኤስኤስዲ፣ ፕሮሰሰር ወይም ግራፊክስ ካርድ በኢንተርኔት ስትገዙ፣ አለዚያም ዱባይና ፓሪስ ያለ ሰው ስታስገዙ፣ «30 በመቶ ቅናሽ» የሚለው ጽሑፍ እውነት መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? ዋጋው ሲወርድ ጠብቀው የሚነግሯችሁስ መሣሪያዎች የትኞቹ ናቸው? እስክሪብቶና ወረቀት አቅርቡ፤ የምንደማምራቸውና የምናባዛቸው ጥቂት ቁጥሮች አሉ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሐሙዲ መስጊድ አጠገብ ካለው ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትገዛን እናት በዋጋ ማታለል ከባድ ነው። ባለፈው ሳምንት በስንት እንደገዛች ታውቃለች። ከኢትዮጵያ የሚመጣው መኪና ሲዘገይ እንደሚወደድ፣ ሲበዛ እንደሚረክስ ታውቃለች። ሻጩ «ዛሬ ቀንሻለሁ» ቢላት ከትናንቱ ጋር አስተያይታ ትፈርዳለች። ኮምፒውተር ገዢ ይህ ዕድል የለውም። ኤስኤስዲ በየሳምንቱ የሚገዛ ዕቃ ስላልሆነ፣ ሰው በአራትና በአምስት ዓመት አንዴ ገበያ ሲወጣ የትናንቱን ዋጋ የሚነግረው ራሱ ሻጩ ነው። በመስመር የተሰረዘ ቁጥር አሳይቶ «ይህ ነበር፣ አሁን እዚህ ወርዷል» ይለዋል። የዋጋ መከታተያ መሣሪያዎች ሥራ ይህን የጎደለ ትዝታ መያዝ ነው። የመደብሩን ገጽ ሌት ተቀን እየጎበኙ ዋጋውን ይመዘግባሉ፣ ለዓመታት ያስቀምጡታል፣ ለጠየቀ ሁሉ ያሳያሉ።

የተሰረዘው ቁጥር ጉዳይ በአውሮፓ በሕግ እስከ መደንገግ ደርሷል። ከሜይ 28 ቀን 2022 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች፣ ፈረንሳይን ጨምሮ፣ ቅናሽ አደረግሁ የሚል ሻጭ «የቀድሞ ዋጋ» ብሎ ማሳየት ያለበት ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ያስከፈለውን ዝቅተኛውን ዋጋ ነው። በሴፕቴምበር 2024 የኅብረቱ ፍርድ ቤት በአንድ የጀርመን ሱፐርማርኬት ጉዳይ ላይ ይህን አጠናክሮ ፈርዷል፤ ክርክሩ የተነሳው በሙዝና በአናናስ ማስታወቂያ ነበር። ውሳኔው የቅናሹ መቶኛም ቢሆን መሰላት ያለበት ከዚያው ከ30 ቀኑ ዝቅተኛ ዋጋ ተነስቶ ነው ይላል። መልካም ሕግ ነው፣ ግን 30 ቀን አጭር ነው። በሴፕቴምበር ዋጋውን ከፍ አድርጎ ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ለብላክ ፍራይዴይ የሚያወርድ ሻጭ ሕጉን ሳይጥስ ሊያልፍ ይችላል። የእንግሊዙ የሸማቾች ድርጅት ዊች የብላክ ፍራይዴይ ቅናሾችን በተደጋጋሚ መርምሮ፣ አብዛኞቹ በሌላ ጊዜም በዚያው ዋጋ ወይም ከዚያ ባነሰ ይሸጡ እንደነበር አግኝቷል። እኛ የምንገዛው ደግሞ ከፈረንሳይ ብቻ አይደለም፤ ከዱባይና ከአሜሪካም ነው። ይህ የአውሮፓ ሕግ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ የዓመቱን ታሪክ ራሳችን ማየት አለብን።

መሣሪያዎቹን እንያቸው። በዕድሜ ከቀደሙት አንዱ ካሜል ካሜል ካሜል ይባላል፤ ከ2008 ጀምሮ የአማዞንን ዋጋ ይከታተላል። አጠቃቀሙ ቀላል ነው። አማዞን ላይ የምትፈልጉትን ዕቃ ትከፍታላችሁ፣ የገጹን አድራሻ ትቀዳላችሁ፣ ካሜል ካሜል ካሜል ገጽ ላይ ባለው መፈለጊያ ውስጥ ትለጥፋላችሁ። የዕቃው የዋጋ ግራፍ ይመጣላችኋል። ሁለተኛው ኪፓ ነው፤ የጀርመን ኩባንያ ሥራ ነው። ኪፓን ብራውዘር ላይ ከገጠማችሁት ግራፉ ራሱ አማዞን ገጽ ውስጥ፣ ከዕቃው ፎቶ በታች ይታያል። ለእኛ ሰው የሚመቸው ሌላው ነገር ኪፓ ዋጋ ሲወርድ በኢሜይል ብቻ ሳይሆን በቴሌግራምም መልእክት መላኩ ነው። ሁለቱም መሠረታዊ አገልግሎታቸውን በነፃ ይሰጣሉ። ሁለቱም የአሜሪካውን፣ የፈረንሳዩንና የጀርመኑን አማዞን ይከታተላሉ። የዱባዩን አማዞን ግን አይከታተሉም፤ ወደዚያ ኋላ እንመለሳለን።

አሁን ግራፉን አብረን እናንብብ፤ ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ ብትከተሉኝ ይሻላል። አግድም የሚሄደው ጊዜ ነው፣ ወደ ላይ የሚወጣው ዋጋ። ካሜል ላይ አረንጓዴው መስመር አማዞን ራሱ የሚሸጥበት ዋጋ ነው፣ ሰማያዊው ሌሎች ነጋዴዎች አማዞን ላይ አዲስ ዕቃ የሚሸጡበት፣ ቀዩ ያገለገለ ዕቃ። ከግራፉ ሥር እስከ ዛሬ የታየው ከፍተኛ ዋጋ፣ ዝቅተኛ ዋጋ፣ አማካይና የአሁኑ በሠንጠረዥ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ዓይናችሁን አረንጓዴው ላይ አኑሩ። ሰማያዊው አንዳንድ ጊዜ በድንገት ይወርዳል፤ ዕቃውን በእጁ ያልያዘ ነጋዴ፣ ወይም ከአገሩ ውጭ የማይልክ ነጋዴ ሊሆን ይችላል። ለጅቡቲ ገዢ ብዙም አይጠቅምም።

ቀጥሎ የመስመሩን ቅርጽ ተመልከቱ። ረጅም ጊዜ ቀጥ ብሎ ሄዶ በየሁለትና በየሦስት ወሩ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ያ ዕቃ ተመልሶ ይወርዳልና ጠብቁት። ቀስ በቀስ እንደ ደረጃ እየወረደ ከሆነ አዲሱ ሞዴል እየተካው ነው፤ ዕቃው ዛሬውኑ ካላስፈለጋችሁ መቆየቱ ያተርፋል። ለጥቂት ሳምንታት ወደ ላይ ዘሎ በቅናሹ ቀን ወደ ወትሮው ከተመለሰ ቅናሽ አልተደረገም። ሳያቋርጥ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ መጠበቅ ራሱ ያስከፍላል።

ዝቅተኛውን ዋጋ በሚመለከት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ሠንጠረዡ «እስከ ዛሬ የታየው ዝቅተኛ 61 ዶላር» ቢል፣ ሰው ማሳወቂያውን 61 ላይ አድርጎ ለዓመት ይጠብቃል። ያ 61 አንድ ሌሊት ብቻ የቆየ፣ ምናልባትም በስህተት የተለጠፈ ዋጋ ሊሆን ይችላል። ማየት ያለባችሁ መስመሩ ደጋግሞ የነካውን ወለል ነው። በዓመት ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ 70 ደርሶ ከሆነ ማሳወቂያችሁን 71 ወይም 72 ላይ አድርጉት። መልእክቱ የሚመጣበት ዕድል ሰፊ ነው፣ የምታጡት ልዩነት ደግሞ ትንሽ ነው።

ማሳወቂያ መኖሩ ለእኛ ሌላም ጥቅም አለው። ጅቡቲ ቀይ ባሕርን አቋርጠው የሚያልፉ ብዙ የባሕር ውስጥ ገመዶች የሚያርፉባት ከተማ ናት፤ ገመዱ ሲጎዳ ግን ከአፍሪካ ቀንድ ጀምሮ ሁሉም ይሰማዋል። በፌብሩዋሪ 2024 ሲኮም፣ ኤኤኢ 1 እና ኢአይጂ የተባሉት ገመዶች ቀይ ባሕር ውስጥ በአንድ ሰሞን ተቆርጠው ነበር። በቀን አሥር ጊዜ ከባድ የመደብር ገጽ እየከፈቱ ዋጋ ማየት ዳታም ጊዜም ይበላል። አንድ ጊዜ አስመዝግቦ አጭር የቴሌግራም መልእክት መጠበቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ጅቡቲ ያለ ገዢ ብዙ አገር የሌለ ጥቅም በእጁ አለ። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር የታሰረ ነው። ከ1973 ወዲህ ደግሞ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልተነቃነቀም። ይህ ማለት በዶላር የተሳለውን ግራፍ በፍራንክ እንደተሳለ አድርጋችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት 100 ዶላር የነበረ ሜሞሪ ያኔም 17,772 ፍራንክ ነበር፣ ዛሬም 100 ዶላር ከሆነ ያው 17,772 ፍራንክ ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ድርሃምም ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.6725 ሒሳብ ታስሯል። ሁለቱ ከአንድ ዶላር ጋር ስለታሰሩ እርስ በርሳቸውም ታስረዋል። አንድ ድርሃም 48.39 ፍራንክ ይሆናል። ይህን ቁጥር ጻፉት። ዱባይ 400 ድርሃም የሚባል ኤስኤስዲ 19,357 ፍራንክ ወይም 109 ዶላር ገደማ ነው። ባንክ ወይም መንገድ ዳር ገንዘብ የሚመነዝሩት እናቶች የሚወስዱት ትንሽ ልዩነት ይጨመርበታል፣ ዋናው ሒሳብ ግን ይህ ነው። ዱባይ ያለው ነጋዴ «ዋጋ ረክሷል» ብሎ ሲደውልላችሁ፣ በአንድ ማባዛትና በአንድ የአሜሪካ ግራፍ ቃሉን መመዘን ትችላላችሁ።

ከፈረንሳይ ስትገዙ ግን ነገሩ ይለያል። ዩሮ ከዶላር ጋር አልታሰረም። በጁላይ 2022 አንድ ዩሮ ወርዶ ከአንድ ዶላር ጋር እኩል ሆኖ ነበር። በ2025 መጀመሪያ ላይ 1.03 ዶላር አካባቢ ነበር፤ በዚያው ዓመት ክረምት 1.17 ደረሰ። ፓሪስ ዓመቱን ሙሉ 100 ዩሮ ሳይነቃነቅ የተሸጠ አንድ ዕቃ አስቡ። በ1.03 ሒሳብ 18,305 ፍራንክ ነው። በ1.17 ሒሳብ 20,793 ፍራንክ። ግራፉ ላይ ምንም አልተለወጠም፣ ከኪሳችሁ ግን 2,500 ፍራንክ ገደማ ተጨማሪ ወጥቷል። ከፈረንሳይ የምትገዙ ሰዎች እንግዲህ ሁለት ነገር ነው የምትከታተሉት፤ የዕቃውን ዋጋና የዩሮውን ምንዛሪ። ዩሮ ሲጠነክር ዱባይን ማየት፣ ሲዳከም ፓሪስን ማየት የሚያዋጣ አካሄድ ነው።

የብር ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። ከአዲስ አበባ፣ ከድሬዳዋ ዘመድ «እባክህ ጅቡቲ ሆነህ ኮምፒውተር አምጣልኝ» ሲላችሁ በብር ታሰላላችሁ። በጁላይ 29 ቀን 2024 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሄደ። ከዚያ በፊት 100 ዶላር የነበረ ዕቃ 5,700 ብር ይሆን ነበር። ያው ዕቃ 20 በመቶ ቀንሶ 80 ዶላር ቢገባ እንኳ፣ ዶላሩ 110 ብር ሲሆን 8,800 ብር ነው። የዶላር ግራፉ «ቀንሷል» ይላል፤ እውነቱንም ነው። በብር የሚከፍለው ሰው ግን ከግማሽ በላይ ጨምሮበታል። ለዘመድ ስታስገዙ ይህን አስቀድማችሁ አስረዱ። ብዙ ቅያሜ ከዚህ ይነሳል፤ ጅቡቲ ያለው ወንድም ያተረፈበት ይመስላቸዋል።

ፈረንሳይኛ ለምታነቡ፣ እዚህ ከተማ ደግሞ ብዙዎቻችን የግድ እናነባለን፣ አማዞን ብቻ ላይ መቆም አያስፈልግም። ኢዴያሎ በ2000 በርሊን የተቋቋመ የዋጋ ማወዳደሪያ ነው፤ የፈረንሳይኛ ገጽ አለው፣ አንድን ዕቃ ብዙ መደብሮች በስንት እንደሚሸጡት አሰልፎ ያሳያል፣ የዋጋ ግራፍና ማሳወቂያም አለው። የኮምፒውተር ዕቃ ላይ ብቻ ለሚያተኩር ሰው ግን እኔ የማስቀድመው ፒሲ ፓርት ፒከርን ነው። የጅቡቲም የኢትዮጵያም ገጽ የለውም፤ የአሜሪካና የፈረንሳይ ገጾቹን መጠቀም ይቻላል። የምትሠሩትን ኮምፒውተር ዕቃ በዕቃ ትመርጣላችሁ፤ ዕቃዎቹ እርስ በርሳቸው የማይገጥሙ ከሆነ ያስጠነቅቃችኋል። ለምሳሌ ዲዲአር 4 የሚቀበል ማዘርቦርድ ላይ ዲዲአር 5 ሜሞሪ አይገባም፤ ክፍተቱ ራሱ ይለያያል። ዕቃ መልሶ መላክ የአውሮፕላን ማጓጓዣ በሚያስከፍልበት ከተማ ይህ ማስጠንቀቂያ ከማንኛውም ቅናሽ የበለጠ ገንዘብ ያድናል። ሌላው ብዙ ሰው የማያየው ክፍሉ የዋጋ አዝማሚያ የሚባለው ገጽ ነው። አንድን ሞዴል ሳይሆን የአንድን ዓይነት ዕቃ አማካይ ዋጋ በጊዜ ያሳያል። የመረጣችሁት ሜሞሪ ብቻ ነው የተወደደው ወይስ ሜሞሪ በጠቅላላ? መልሱን እዚያ ታገኛላችሁ።

ዋጋ በጠቅላላ ለምን እንደሚወጣና እንደሚወርድ ማወቅ ከመሣሪያው እኩል ይጠቅማል። በ2011 መጨረሻ ታይላንድን ጎርፍ ሲያጥለቀልቃት የሃርድ ዲስክ ፋብሪካዎች ውኃ ውስጥ ገቡ፤ የዓለም የሃርድ ዲስክ ዋጋ በሳምንታት ውስጥ በእጥፍ ገደማ ዘለለ። በሴፕቴምበር 2020 የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3080 ግራፊክስ ካርድ በ699 ዶላር ይሸጣል ተብሎ ወጣ፤ በዚህ ዋጋ ያገኘው ሰው ጥቂት ነበር። ኤቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱ ሰዎች ካርዱን ጠራርገው ገዙት። ኤቴሪየም በሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 አሠራሩን ለውጦ ግራፊክስ ካርድ የማያስፈልገው ሲሆን ያገለገለ ካርድ ገበያውን አጥለቀለቀው። በዚያ ወቅት ወራት የታገሠ ሰው ብዙ አትርፏል።

በ2025 መጨረሻ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚተከሉት ግዙፍ የዳታ ማዕከሎች ሜሞሪውን ከፋብሪካው በር ላይ መውሰድ ጀመሩ። የዲዲአር 5 ሜሞሪ ዋጋ በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ማይክሮን በዲሴምበር 2025 ክሩሻል በሚባለው ስሙ ለተራ ገዢ ሜሞሪና ኤስኤስዲ መሸጡን እንደሚያቆም አስታወቀ፤ እዚህ ከተማ ስንቱ ላፕቶፕ ውስጥ ክሩሻል እንዳለ ጠጋኞቻችን ያውቁታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ያለፈውን ዓመት ወለል እያዩ «ይመለሳል» ብሎ መጠበቅ ሰውን ይጎዳል። የድሮው ግራፍ የተሳለው ገበያው ሌላ በነበረበት ጊዜ ነውና። እንዲህ ሲሆን ግራፉን የሚያይ ሰው ጥያቄውን ይለውጥ፤ «መቼ ይወርዳል?» ከማለት «ያለኝን ኮምፒውተር አንድ ዓመት የሚያቆየኝ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። የተሟላ አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት ይልቅ በአሮጌው ላይ አንድ ኤስኤስዲ መግጠም፣ ከተፈታ ማሽን ላይ የወጣ ዲዲአር 4 መፈለግ ለብዙዎቻችን በቂ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እስካሁን ያወራነው ስለ መደብሩ ዋጋ ነው። ዕቃው ጅቡቲ በራችሁ ላይ ሲደርስ የሚያወጣው ግን ሌላ ነው፤ መከታተል ያለባችሁም ያንን ነው። መጀመሪያ የፈረንሳይ ዋጋ ውስጥ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ኪፓም ኢዴያሎም የሚያሳዩት ታክሱን ጨምሮ ነው። ሻጩ በቀጥታ ወደ ጅቡቲ የሚልክ ከሆነ ታክሱ ሊነሳ ይችላል፤ 120 ዩሮ የነበረው 100 ይሆናል። ዕቃው ፈረንሳይ ላለ ዘመድ ወይም ዕቃ አስተላላፊ አድራሻ የሚላክ ከሆነ ግን ታክሱ ተከፍሏል ማለት ነው። አማዞን ላይ የመላኪያውን አገር ጅቡቲ ብላችሁ ካስተካከላችሁ በኋላ የሚታየውን ዋጋ ተመልከቱ። ልዩነቱ ከብዙ የብላክ ፍራይዴይ ቅናሽ ይበልጣል። እዚህ ጉምሩክ ላይ የሚከፈለውን ደግሞ ትራንዚተር ጠይቃችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ደምሩት።

ሁለተኛው የማጓጓዣ ክብደት ነው። የአየር ዕቃ አድራሾች የሚያስከፍሉት በሚዛን በሚታየው ክብደት ብቻ አይደለም፤ ሳጥኑ የሚይዘውን ቦታም ይቆጥራሉ። እንደ ዲኤችኤል ያሉት የሳጥኑን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በሴንቲሜትር አባዝተው ለ5000 ያካፍላሉ፤ ከሁለቱ በሚበልጠው ያስከፍላሉ። አንድ የኮምፒውተር ኬዝ 50 በ50 በ25 ሴንቲሜትር ሳጥን ውስጥ ቢሆን 62,500 ይሆናል፤ ለ5000 ሲካፈል 12.5 ኪሎ። ኬዙ ራሱ 8 ኪሎ ቢመዝንም የምትከፍሉት ለ12.5 ኪሎ ነው። ኤስኤስዲ ግን በእጅ መዳፍ ይያዛል። ስለዚህ እኔ የምመክረው ይህን ነው። ዋጋ መከታተልና ከውጭ ማስመጣት ለፕሮሰሰር፣ ለሜሞሪ፣ ለኤስኤስዲ ያዋጣል። ኬዝ፣ ሞኒተር፣ ዩፒኤስ፣ ከባድ ፓወር ሰፕላይ እዚሁ ከተማ ግዙ። ነጋዴው በመርከብ ያስመጣው ስለሆነ በአየር ካስመጣችሁት ይረክሳል። ደግሞም የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን ዩፒኤስ ባትሪ ቶሎ ይደክማል፤ ከሸጠላችሁ ሰው ጋር ፊት ለፊት መነጋገር መቻል ዋጋ አለው።

ወደ ዱባይ ልመለስ። የዱባዩ አማዞን የተከፈተው ሱቅ ዶት ኮም የተባለው የአረብ መደብር በ2017 ከተገዛ በኋላ በ2019 ነው፤ ኑን የተባለውም ተፎካካሪው እዚያው ይሠራል። ካሜልና ኪፓ እዚያ ስለማይደርሱ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ እንደ ፕራይሲና ያሉ ለአረብ አገሮች የተሠሩ ማወዳደሪያዎችን መጠቀም ነው። ሌላው ዲስቲል ወይም ቪዥዋልፒንግ የሚባሉትን መጠቀም ነው። እነዚህ ስለ ዋጋ የተለየ እውቀት የላቸውም፤ የመረጣችሁት የገጽ ክፍል ሲለወጥ ብቻ ይነግሯችኋል። ዋጋው የተጻፈበትን ቦታ ትመርጡላቸዋላችሁ፣ ቁጥሩ ሲለወጥ መልእክት ይመጣል። ጉዳታቸው ያለፈውን አለማወቃቸው ነው፤ መመዝገብ የሚጀምሩት ካስጀመራችሁበት ቀን ነው። ያለፈውን ከአሜሪካው ግራፍ አንብቡ፤ ድርሃሙም ፍራንኩም ከዶላር ጋር የታሰሩ ስለሆኑ ለመመዘኛ ይበቃል። በር ዱባይ ውስጥ ኻሊድ ቢን አል ዋሊድ መንገድ ላይ ባሉት የኮምፒውተር መደብሮች፣ በአል አይን ሴንተርና አካባቢው፣ የምታስገዙ ከሆነም ተወካያችሁ ከመሄዱ በፊት የዕቃውን ሙሉ የሞዴል ቁጥርና የመጨረሻ ዋጋችሁን በድርሃም ጽፋችሁ ስጡት። «ጥሩ ሜሞሪ አምጣልኝ» ብሎ መላክ ለክርክር በር ይከፍታል።

ስለ ጥንቃቄ ጥቂት ልበል። ብራውዘር ላይ የሚገጠም ማንኛውም መከታተያ የምትጎበኟቸውን የመደብር ገጾች የማንበብ ፈቃድ ይጠይቃል። ብዙዎቹም ገቢያቸው በእነሱ በኩል አልፋችሁ ስትገዙ ከመደብሩ የሚያገኙት ኮሚሽን ነው። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ካሜልም ከዚህ ነው የሚኖረው። ነገር ግን ባንክና ኢሜይል የምትከፍቱበት ብራውዘር ላይ አምስት ስድስት መከታተያ አትደርድሩ። አንዱ ይበቃል። ወይም ምንም ሳትገጥሙ የዕቃውን አድራሻ ካሜል ገጽ ላይ መለጠፍ ይቻላል።

ሌላው የውሸት ዕቃ ነው። በጥቂት ሺህ ፍራንክ 16 ቴራባይት ይይዛል የሚባል ውጫዊ ዲስክ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ኮምፒውተሩ ላይ ስትሰኩት 16 ቴራባይት ብሎ ያሳያል፤ ውስጡ ያለው ግን ትንሽ ሜሞሪ ነው፤ ሲሞላ በአሮጌው ፋይል ላይ ይጽፍበታል። የሠርግ ፎቶና የሕፃን ልደት ቪዲዮ እንዲህ ጠፍቶ ያለቀሱ ቤተሰቦች አሉ። የዋጋ ግራፍ ይህን አይነግራችሁም፣ እንዲያውም «ታላቅ ቅናሽ» ሊመስል ይችላል። የታወቁ ሠሪዎችን የአንድ ቴራባይት ዋጋ ግራፍ ክፈቱና አወዳድሩ። አንድ ቴራባይት ከሚሸጥበት ባነሰ 16 ቴራባይት ማንም ሊሠራ አይችልም።

መልእክቱ መጥቶ፣ ዋጋው ወርዶ፣ ገዝታችሁ ከሆነ አንድ ሥራ ይቀራል። በአውሮፓ ሕግ በኢንተርኔት የገዛ ሰው ዕቃውን ከተረከበ በኋላ ያለ ምክንያት የሚመልስበት 14 ቀን አለው። ዕቃው ፓሪስ ያለ ዘመድ ቤት ደርሶ፣ ሻንጣ እስኪገኝለት ቆይቶ፣ ጅቡቲ ሲገባ ያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አልፏል። ስለዚህ ዕቃውን የተቀበለላችሁ ሰው ካርቶኑን ከፍቶ የሞዴል ቁጥሩን ፎቶ አንስቶ በዋትስአፕ ይላክላችሁ፤ ካዘዛችሁት ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩት። ሜሞሪ ወይም ኤስኤስዲ ከሆነና እዚያ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ገጥሞ ይሞክረው። ደረሰኙንም ከዕቃው ጋር ይላክ፤ ጉምሩክ ላይ ዋጋ ሲጠየቅ የሚታየው እሱ ነው።

ለዛሬ ያዘጋጀነው ይኸው ነበር። የምትከታተሉትን ዕቃ ሙሉ የሞዴል ቁጥርና የምታስመጡበትን አገር ጽፋችሁ ላኩልን፤ በሚቀጥለው ዝግጅት ጥቂቶቹን መርጠን ግራፋቸውን በአየር ላይ አብረን እናነባለን። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)